ጣና ጠፍጣፋ አይደለም

(ይህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ ለተማሪዎች፣ ለሬዲዮ ጠጋኞችና ለጀልባ ነጂዎች በቃል ያቀረብኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አነጋገሬን ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ወንበራችሁን ወደ ሐይቁ አዙሩት። አዎ፣ ለእኔ ጀርባችሁን ስጡኝ፣ ቅር አይለኝም። አሁን ውሃውን እዩት። ምን ይመስላል? እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው፣ አይደል?

አይደለም። ጣና ጉብታ ነው።

ከዚህ ከቆምንበት በሐይቁ ሰሜን ዳር እስካለችው ጎርጎራ በቀጥታ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር ዳርቻ እስከ ጎርጎራ ዳርቻ አንድ ገመድ ቀጥ አድርገን ወጠርን እንበል። ምድር ክብ ስለሆነች ገመዱ መሀል ላይ ሲደርስ ከውሃው ገጽ በታች 96 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የጣና ጥልቀት ደግሞ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ስለዚህ ገመዳችን ውሃውን ብቻ ሳይሆን የሐይቁን ወለልም ሰርስሮ አፈር ውስጥ ይገባል።

ይህን ለማመን ሒሳብ አያስፈልግም። የደንገል ታንኳ ወደ ውስጥ ሲርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ የሚጠፋው ታንኳው ነው። ቀዛፊው ግን ከወገቡ በላይ ውሃ ላይ የተቀመጠ መስሎ ትንሽ ይቆያል። ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሲያይ የውሃው ጠርዝ ከእሱ 4.7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቀው። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ከጉብታው ጀርባ ነው።

ዛሬ ስለ ሬዲዮ ሞገድ ልናገር መጥቼ ከሐይቁ የጀመርኩት በምክንያት ነው። በሥራዬ አብዝቼ የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «ስንት ዋት ነው?» ይሉኛል። የኤፍ ኤም ማሰራጫ ሲሆን ስንት ዋት፣ የዋይፋይ ማገናኛ ሲሆን ስንት ዋት፣ የጀልባ መገናኛ ሲሆንም ስንት ዋት። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። ሞገዱ በምን በኩል ነው የሚሄደው? መንገዱ ላይ ምን አለ? ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ብትሄዱልኝ ደስ ይለኛል።

የሬዲዮ ሞገድ ብርሃን ነው። ዓይናችን የማያየው ብርሃን በሉት። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ድግግሞሽ እንለዋለን፤ በየዕለቱ «ፍሪኩዌንሲ» የምንለው ማለት ነው። የአንዱን ሞገድ ርዝመት በሜትር ማወቅ ከፈለጋችሁ 300ን በሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ በሚሊዮን ጊዜ በተቆጠረው ድግግሞሽ፣ አካፍሉት። የከተማችን ኤፍ ኤም 96.9 ሜጋኸርዝ ነው። 300 ለ96.9 ሲካፈል ከ3 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የሬዲዮናችሁን አንቴና ስትጎትቱት 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። የሞገዱ ሩብ ነው። ሩብ የሆነ ዘንግ ከሞገዱ ጋር ይስማማል፣ አብሮት ይርገበገባል።

አጫጭር ሞገዶች፣ ማለትም ኤፍ ኤም፣ ሞባይልና ዋይፋይ፣ ጠባያቸው ወደ ብርሃን ያደላል። በአብዛኛው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ጉብታ ሲያጋጥማቸው እምብዛም አይዞሩም። እርግጥ አየሩ ትንሽ ያጎብጣቸዋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞገዱ ወደ ምድር ዘንበል ይላል። በዚህም ዓይን ከሚያየው አለፍ ብሎ ይደርሳል። የአንቴናችሁን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሩቱን በ4.12 አባዙት። የሚደርስበትን ርቀት በኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል።

እስቲ ለጎርጎራ እናስላው። ሁለቱም ዳር ላይ እኩል ምሰሶ ብንተክል እያንዳንዱ 72 ሜትር መሆን አለበት። ያኔም ቢሆን ሞገዱ የጉብታውን ጫፍ ታክኮ ነው የሚያልፈው። 10 ሜትር ምሰሶ ላይ 1,000 ዋት ብታስቀምጡ ግን ጉብታው እዚያው ነው። ዋት ውሃ አይበሳም። መንገዱ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ ኃይሉን አራት እጥፍ ስታደርጉ ርቀቱ የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። የመብራቱን ሒሳብ የምትከፍሉት ግን ለአራቱም እጥፍ ነው።

«ታዲያ ከፍ ማድረግ ነዋ» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተሳሳትኩት። እሱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቁ አንድ ዳርቻ ወደ ሌላው ኢንተርኔት የሚያሻግር ማገናኛ ከጓደኞቼ ጋር ተከልን። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነበር። በወዲያ በኩል ያለው አንቴና ከውሃው 30 ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው። በእኛ በኩል 15 ሜትር ምሰሶ ነበረን። ድግግሞሹ 5.8 ጊጋኸርዝ፣ ማለትም 5,800 ሜጋኸርዝ ነው። የሞገዱ ርዝመት ከ5 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የአውራ ጣት ያህል ነው። የተከልነው መስከረም ላይ ነበር። ሐይቁ ሞልቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ። ሲግናሉ እንደ ሰዓት ይሠራል። ተደስተን ወደ ቤታችን ገባን።

ጥር፣ የካቲት እያለ ሲሄድ መድከም ጀመረ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ጨርሶ ጠፋ። የምሰሶውን ብሎን አጠበቅን። ገመዱን ቀየርን። አንቴናውን ሽቅብ ቁልቁል፣ ግራ ቀኝ አዞርን። አልሆነም። በመጨረሻ «ጉልበት አንሶት ነው» ብለን በተበደርነው ገንዘብ ኃይለኛ ማስተላለፊያ ገዛን። ሰቀልነው። ሲግናሉ ያው ነው። ምንም! ያን ዕለት ምሰሶው ሥር ቁጭ ብዬ ውሃውን ሳይ ዳር ላይ ያለው ድንጋይ ዓይኔን ሳበው። ድንጋዩ ላይ መስከረም ውሃው የደረሰበት ነጭ መስመር አለ። ውሃው አሁን ከመስመሩ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወርዷል።

ነገሩ ያኔ በራልኝ። ሞገዱ ወደ እኛ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በአየር ላይ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሌላው ውሃው ላይ አርፎ፣ እንደ መስታወት ነጥሮ ይመጣል። የነጠረው ትንሽ ዞር ስለሚል ይረዝማል። ስንት ይረዝማል? በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ! ግን ሞገዳችን 5 ሴንቲ ሜትር ናት። 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ሁለት ሙሉ ሞገድ ነው። በዚህ ላይ ሞገድ ውሃን ታክኮ ሲነጥር ይገለበጣል፤ ከፍታው ዝቅታ፣ ዝቅታው ከፍታ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ አንቴናችን ላይ ሲገናኙ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል። ይጣፋሉ። ውሃው መስከረም ላይ ሞልቶ ሳለ ልዩነቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ ስለዚህ አልተጣፉም። ሐይቁ ሲወርድ ልዩነቱ አደገና መጣፊያው ላይ ቆመ።

ኃይለኛው ማስተላለፊያ ለምን እንዳልረዳን አሁን ይገባችኋል። ኃይሉን ስትጨምሩ ቀጥታ የሚመጣውም ይጨምራል፣ ነጥሮ የሚመጣውም እኩል ይጨምራል። ትልቅ ከትልቅ ሲቀነስ ያው ዜሮ ነው። ገንዘባችን ውሃ በላው።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? አንቴናውን 4 ሜትር ዝቅ አደረግነው። 11 ሜትር ላይ። ጓደኛዬ ምሰሶው ላይ ሆኖ በአንድ እጁ አንቴናውን ይዞ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ እኔ ታች ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲወጣ እያየሁ እጮህለት ነበር። «ውረድ! ውረድ! ቁም!» አንቴናን ዝቅ አድርጎ ሲግናል ማግኘት እንዴት እንደሚያስደስት ያላየው አያውቀውም። ገንዘብ ያላቸው ደግሞ በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት አንቴና ያስቀምጣሉ፣ አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርገው። አንዱ መጣፊያ ላይ ሲወድቅ ሌላው ይሰማል። በውሃ ላይ ለሚያልፍ መስመር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ማዶ ያለውን ምሰሶ በዓይን ማየታችሁ አይበቃም። ሞገድ እንደ ክር ቀጭን አይደለም። ጫፍና ጫፉ ቀጠን፣ መሀሉ ወፈር ያለ ቦታ ይፈልጋል። ለዚያ ለ10 ኪሎ ሜትሩ መስመር መሀል ላይ ከዓይን መስመሩ በላይም፣ በታችም፣ በግራና በቀኝም 11 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልገው ነበር። ዳር ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ሲያድግ መስመሩ የሚታመመው ለዚህ ነው። ዛፉ እይታውን ሳይጋርድ ገና።

አሁን ወደ ረጃጅሞቹ ሞገዶች ልሂድ። እነዚህ ጠባያቸው ሌላ ነው።

ያደግሁት ዘጌ ነው፣ ቡናው ውስጥ። አባቴ ባለ አራት ባትሪ ሬዲዮ ነበረው። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ያዳምጣል። ቤታችን የሣር ክዳን ሳለ ሬዲዮው ጥሩ ይሰማ ነበር። ቆርቆሮ ስናለብሰው ድምፁ ሞተ። አባቴ የሬዲዮው ባትሪ አልቆ ነው ብሎ አዲስ ገዛ። ለውጥ የለም። ቆርቆሮ ብረት ነው፣ ሞገድን ይመልሳል። ይህን የነገረው አልነበረም። ግን አንድ ቀን ሬዲዮውን ይዞ ደጅ ሲወጣ ድምፁ እንደ ጥንቱ ሆነ። ከዚያ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ፈልጎ በጣሪያው ጠርዝ በኩል አውጥቶ ዋንዛው ላይ አሰረው። ሌላውን ጫፍ የሬዲዮው አንቴና ላይ ጠመጠመው። ያች ሽቦ ናት እኔን ወደዚህ ሙያ ያስገባችኝ።

በልጅነቴ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነበር። የኤፍ ኤም ሞገድ ጎርጎራ ለመድረስ ይቸገራል። የጀርመኑ ሰውዬ ድምፅ እንዴት ዘጌ ይደርሳል? ጉብታው የት ሄደ?

መልሱ ከላይ ነው። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ የፀሐይ ጨረር አየሩን እየሰነጠቀ ኤሌክትሪክ ያለው ድርብርብ ያደርገዋል። አዮኖስፌር ይባላል። ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 የሬዲዮ ምልክት አትላንቲክን ሲያሻግር ብዙ ሊቃውንት ግራ ተጋብተው ነበር። በዓመቱ ኬነሊና ሄቪሳይድ የሚባሉ ሁለት ሰዎች፣ ለየብቻቸው፣ «ላይ የሚመልስ ነገር አለ» አሉ። አፕልተን እ.ኤ.አ. በ1924 በሙከራ አረጋገጠው፣ በኋላም ኖቤል ተሸለመበት። ሬዲዮ ላይ አጭር ሞገድ የሚባለው፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው (ስሙ አጭር ቢሆንም ከኤፍ ኤም ይረዝማል)፣ ወደዚያ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። በአንድ ዝላይ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ሊወርረን ሲል ለአሜሪካ ሕዝብ ከአዲስ አበባ በሬዲዮ የተናገሩት በዚሁ የሰማይ መንገድ ነው።

ከአጭር ሞገድ የሚረዝመው መካከለኛው ሞገድ ግን ቀን ቀን ምድርን ተከትሎ ይሄዳል እንጂ ከሰማይ አይመለስም። ዝቅ ብሎ ያለው የአዮኖስፌር ድርብ ቀን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ድርብ ይጠፋል፣ መንገዱም ይከፈታል። ማታ የሩቅ አገር ጣቢያ ሁሉ ተግተልትሎ የሚገባው ለዚህ ነው። ክረምት ላይ የሚንጫጫው ደግሞ መብረቅ ነው። ከዚህ በጣም ርቆ የሚወድቅ መብረቅም ጭምር።

ባሕር ዳርን ልዩ የሚያደርጋት ነገር እዚህ ላይ አለ። እናንተም እንድታውቁት እፈልጋለሁ። የምድር ማግኔት ወገብ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። እኛም ከመስመሩ ቅርብ ነን። በዚህ መስመር ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ፣ ቀን ቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ፀሐይ እንደጠለቀች ደግሞ የላይኛው ድርብ ሽቅብ ይነሣና ከሥሩ አረፋ መሰል ቀዳዳዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። ምጣድ ላይ የተሰፋ የእንጀራ ሊጥ ዓይን ሲያወጣ አይታችኋል? ያንን አስቡ። መስከረምና መጋቢት አካባቢ ይብሳል። ያኔ የአጭር ሞገዱ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። የጂፒኤስ ምልክት እንኳ ሳይቀር ይርገበገባል። አባቴ «ዛሬ ሬዲዮው ብርድ ይዞታል» ይል የነበረው ይህንን ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዋሸራ በሚባለው የጠፈር ሳይንስና ራዳር ቤተ ሙከራው ውስጥ ይህን ሰማይ ያጠናል። ስሙን እወደዋለሁ። የቅኔ አገር ስም ነው። ተማሪዎች፣ ሌሎች አገሮች ለዚህ ሰማይ ሲሉ መሣሪያ ተሸክመው ይመጣሉ። እናንተ ግን ቀና ማለት ብቻ ይበቃችኋል።

ስለ ተቀባዩ ልናገር። ብዙ ሰው ተቀባይ ማለት ማጉያ ይመስለዋል። ስልካችሁ እየሠራ ሳለ የሚያገኘው ኃይል የአንድ ዋት አሥር ትሪሊዮንኛ ሊሆን ይችላል። ማጉላቱ ከባድ አይደለም። ከባዱ መምረጡ ነው። በዚህች ቅጽበት ይህ አየር በሞገድ ተጨናንቋል። የአውሮፕላን ማረፊያው፣ ኤፍ ኤሙ፣ የሞባይሉ፣ የሁላችሁም ስልክ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያችን ዘንግ ይነቀንቋታል። እንደ ቅዳሜ ገበያ ጫጫታ ነው። ተቀባዩ ከዚያ ሁሉ የአንዱን ሰው ድምፅ ብቻ መለየት አለበት።

አርምስትሮንግ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1918 ያመጣው ዘዴ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ተቀባዩ ውስጥ ትንሽ ሞገድ አመንጪ አለ። 96.9ን ስትከፍቱ ያ አመንጪ 107.6 ሜጋኸርዝ ላይ ይርገበገባል። ሁለቱ ሲደባለቁ ልዩነታቸው ይወጣል፣ 10.7። ወደ 100.0 ብታዞሩት አመንጪውም አብሮ ይዞራል፣ ልዩነቱ ያው 10.7 ይሆናል። ስለዚህ ማጣሪያውን ለአንድ ቁጥር ብቻ በደንብ አድርጎ መሥራት ይበቃል። የትኛውም ጣቢያ በዚያች አንዲት ጠባብ በር ነው የሚገባው። በጣም ብልህ ነገር ነው። ሳስረዳው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ግን ጉድለት አለው። 118.3 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ ሞገድም ከ107.6 የሚለየው በ10.7 ነው። እሱም በዚያችው በር መግባት ይችላል። 118.3 ደግሞ አብራሪዎች የሚነጋገሩበት ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከበሩ በፊት ሌላ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ርካሽ ሬዲዮ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ማጣሪያ ነው። ሬዲዮ ስትገዙ ድምፁ ምን ያህል እንደሚጮህ አትፈትኑ። ኃይለኛ ጣቢያ አጠገብ ያለ ደካማ ጣቢያ ይዛችሁ ፈትኑ።

ጠጋኞች፣ ይህ ለእናንተ ነው። የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ስትከፍቱ ትንንሽ የብረት ሳጥኖች ታያላችሁ። አናታቸው ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ የአመንጪው ነው። የቀሩት የዚያች ጠባብ በር ማጠፊያዎች ናቸው፤ በመካከለኛ ሞገድ 455 ኪሎኸርዝ ላይ የተቃኙ። እባካችሁ በብረት ካቻቢቴ አታዙሯቸው። ብረቱ ራሱ ቅኝቱን ያዛባል። የውስጡ ድንጋይም በቀላሉ ይሰነጠቃል። የቀርከሃ ስንጣሪ ሞርዳችሁ ተጠቀሙ። ችግሩ ምን እንደሆነ ሳታውቁ ደግሞ ጨርሶ አትንኩ። ስንት ደህና ሬዲዮ በዚህ ጠፍቷል!

እዚያው ሬዲዮ ውስጥ ጥቁር ዘንግ አለ፣ ሽቦ የተጠመጠመበት። የመካከለኛ ሞገድ አንቴና ነው። ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ ስታዞሩት ድምፁ የሚያድግና የሚደክመው በእሱ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ጣቢያው ሲያመለክት ድምፁ ይጠፋል። ሐይቅ ላይ ሆናችሁ ጭጋግ ቢወርድባችሁ የምታውቁትን የቅርብ ጣቢያ ቀን ላይ ክፈቱና ሬዲዮውን አዙሩት። ድምፁ በሚጠፋበት ቦታ ዘንጉ የጣቢያውን መስመር ያሳያችኋል። ከፊት ይሁን ከኋላ ግን አይነግራችሁም። እሱን በሌላ ምልክት ለዩ።

ስለ ማስተላለፊያ አጠር አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ማስተላለፊያ በፈቃድ የሚሠራ ነገር ነው። ድግግሞሽ የሚመድበው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ የወረቀት ጣጣ እንዳይመስላችሁ። የተጋነነ ማጉያ ከ96.9 ጋር እጥፉን፣ 193.8ንም አብሮ ይወልዳል። እሱ የቴሌቪዥን ክልል ውስጥ ይወድቃል። መውጫው ላይ ጥሩ ማጣሪያ የሌለው ማስተላለፊያ የማያውቀውን ሰው ቤት ይረብሻል። ተማሪዎች፣ እጃችሁን ተቀባይ በመሥራት አፍታቱ። ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ የተጠመጠመ ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ረዥም አንቴናና የመሬት ሽቦ ካላችሁ፣ ቅርብ ያለ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ያለ ባትሪ ይሰማችኋል። የሚያናግራችሁ የጣቢያው የራሱ ኃይል ነው።

አንድ ምክር ለባለ ምሰሶዎች ብቻ። የአንቴናው ገመድ መገጣጠሚያ ላይ ውሃ ከገባ ኃይሉ አንቴናው ጋ ደርሶ መውጣት ሲገባው ወደ ማስተላለፊያው ይመለሳል። ሐምሌ ላይ የመጨረሻው ትራንዚስተር ተቃጥሎብኝ ያውቃል፤ ገመዱን ስፈታው ጠብ ጠብ አለ። መገጣጠሚያውን በጎማ ፕላስተር ጠቅልሉት። ገመዱ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎበጥ አድርጉት፣ ውሃው እዚያ እንዲንጠባጠብ።

ንግግሬ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ጥያቄ ስቀበል ግን ኋላ የተቀመጡ አንድ የጀልባ ነጂ አባት እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ወደ ደቅ ደሴት ተመላልሻለሁ» አሉኝ። «ስልኩ ተቀምጠን ስንደውል እንቢ ይላል፣ ጀልባው ላይ ስንቆም ይሠራል። ልጆቹ ይስቁብኛል። እውነት ነው ወይስ የልማድ ነገር ነው?»

«እውነት ነው አባቴ» አልኳቸው። «እንዲያውም እርስዎ ከሁላችንም ቀድመው ደርሰውበታል።» በውሃ ላይ ዝቅ ብለን ስንሆን በቀጥታ የመጣው ሞገድና የነጠረው ሊጣፉ ትንሽ ነው የሚቀራቸው። ከፍ ባልን ቁጥር ልዩነታቸው ይሰፋል፣ ሲግናሉም ያድጋል። ስልኩ ከውሃው 1 ሜትር ላይ ከነበረና ቆመው 2 ሜትር ላይ ካደረሱት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስልኩ ምንም አልተለወጠም፣ ባትሪውም ያው ነው። በታንኳ ላይ ግን አይቁሙ፣ ይገለብጣል።

«ታዲያ አንዳንዴ ስልኩ ላይ የኔትወርኩ መስመር ሞልቶ እየታየ ለምን አይደውልም?» አሉኝ።

ሁለት ነገር አለ አልኳቸው። አንደኛው፣ ታወሩ በአሥር በሚቆጠር ዋት ነው የሚናገረው፤ ስማርት ስልክ ኢንተርኔት ላይ የሚመልሰው ግን 0.2 ዋት ገደማ በሆነ ኃይል ነው። እርስዎ ይሰሙታል፣ እሱ አይሰማዎትም። ሁለተኛው ደግሞ የድሮው የሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ የራሱ ሕግ አለው። ከታወሩ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀን ስልክ አያስተናግድም። የስልኩ መልስ ዘግይቶ ስለሚደርስ የሌላውን ሰው ተራ ይነካል። በበጋ ንጋት ላይ ቀዝቃዛ አየር ከታች፣ ሞቃት አየር ከላይ ሲተኛ ሞገዱ ከወትሮው በላይ ይጎብጣል፣ ጉብታውን ተከትሎ ሩቅ ይደርሳል። ያኔ መስመሩ ይታያል። ጥሪው ግን አያልፍም።

ሽማግሌው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ሐይቁ እያመለከቱ ስልኩ የሚሞትባቸውን ቦታዎች በደሴትና በዛፍ ምልክት አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንዱ ክረምት ብቻ ነው የሚሞተው አሉኝ። አንዱ ደግሞ በጋ ብቻ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት በጀልባቸው አብሬያቸው እሄዳለሁ። መለኪያና 3 ሜትር የቀርከሃ ዘንግ እይዛለሁ። ከተማሪዎቹም ሁለቱ ይመጣሉ።